ታዛዡን ትተው ነገረኛውን የመረጡልን መምህርት ከድጃ ይማም

ለመምህርት ከድጃ ይማም ተማሪዎች፣ የሥራ ባልደረቦችና ወዳጆች ሁሉ፤ በቆቦም ብትሆኑ በሮቢት፣ በጎብዬም ብትሆኑ በተወለዱባት በዋጃ፦ መምህርታችን ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ለሕክምና ከሄዱበት ከደሴ ወሬውን ይዞት የመጣው የሐሙስ ከሰዓት በኋላው አውቶቡስ ነው። ረዳቱ መናኸሪያው ሲደርስ እንደ ልማዱ «ቆቦ! ቆቦ!» ብሎ አልጮኸም። ዝም ብሎ ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ትምህርት ቤታችን ሄደ። እሱም ተማሪያቸው ነበር። በማግስቱ አስከሬናቸው ከደሴ እንደደረሰ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እስላሙም ክርስቲያኑም ጀናዛቸውን እየተቀባበለ ሸኛቸው። በመንገዱ ላይ ትከሻ ያልሰጠ ወንድ፣ ከኋላ ያላለቀሰች ሴት አላየሁም።

ይህን የምጽፈው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ትርንጎ ነኝ። መምህራኑ «ዕድሜ የጠገበ ሰው ይጻፈው» ሲባባሉ ዳይሬክተራችን «እሳቸው ቢኖሩ ለማን ይሰጡት ነበር?» ብለው ጠየቁ አሉ፤ በዚያ ምክንያት ወደ እኔ መጣ። እውነቱን ለመናገር ስጽፍ ደስ ይለኛል። ሐዘን ቤት ተቀምጦ «ደስ ይለኛል» ማለት ነውር ይሆናል፤ ነገር ግን ይህን ደስታ የሰጡኝ እሳቸው ስለሆኑ ደብቄው ብጽፍ ስለ ሌላ ሰው የምጽፍ ነው የሚመስለኝ።

መምህርት ከድጃ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ሰውነታቸው ቀጭን፣ ድምፃቸው ወፍራም ነበር። ሻሻቸውን ከግንባራቸው ከፍ አድርገው ያስሩና ጠመኔ ጆሯቸው ላይ ይሰካሉ፤ ከክፍል ሲወጡም እዚያው ይረሱታል። ገበያ ውስጥ ጠመኔ ጆሮዋ ላይ የሰካች ሴት ከታየች እሳቸው ናቸው። የቤት ሥራ ሲሰጡ መልሱን ከመጠየቃቸው በፊት ግምቱን ይጠይቃሉ። «የትምህርት ቤታችን ግቢ ስንት ጥማድ ይሆናል? ሳትለኩ ንገሩኝ!» ይላሉ። እኛም የመጣልንን እንናገራለን፤ ከዚያ ለክተን አስልተን ስንመጣ ግምታችን ይሁን ስሌታችን የተሳሳተው ብለን እንከራከራለን። «መጀመሪያ ገምቺ፣ ከዚያ አስዪ፣ ከዚያ ተገረሚ» ይሉኝ ነበር። «ግምትሽና መልስሽ ከተጣሉ አስታርቂያቸው እንጂ አንዱን አታባሪ።»

ደግነታቸውን ለማስረዳት አንዲት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ከሮቢት የምትመጣ ፋጡማ የምትባል የክፍል ጓደኛ አለችኝ። እናቷ ታማ በነበረ ጊዜ ሕፃን ወንድሟን አዝላ ትምህርት ቤት መጣች። ልጁ አለቀሰ። ፋጡማ እያፈረች ልትወጣ ስትነሳ መምህርት ከድጃ «ወዴት ነው?» አሏት።

«ቲቸር፣ ክፍሉን እየረበሸ ነው።»

«እስከ አሁን ከረበሹኝ ሁሉ ታናሹ እሱ ነው፤ አምጪው» ብለው ሕፃኑን በግራ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉትና በቀኝ እጃቸው ሰሌዳው ላይ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ልጁ ከጆሯቸው ላይ ጠመኔውን ነቅሎ አፉ ውስጥ ከተተ። እሳቸው ዞር ብለው አይተው፣ «ይኸው፣ እናንተ የምትጠሉትን ትምህርት እየበላው ነው» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እናቷ እስክትድን ድረስ ያ ሕፃን ከእኛ ጋር ሒሳብ ተማረ።

ስለ እሳቸው ብዙ ሰው ብዙ ይናገራል። እኔ ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ግን ብዙዎቻችሁ በወሬ ብቻ የሰማችሁትን የኮምፒውተሩን ነገር ነው። ወሬው ተጣምሟል። «ከድጃ ከኢንጂነሩ ጋር ተጣልታ አሸነፈችው» ይባላል። እንደዚያ አይደለም። እኔ እዚያው ነበርኩ።

አምና ክረምቱ እንደወጣ በሸለቆው የመስኖ ጥናት ለሚያካሂደው ጽሕፈት ቤት አንድ ኮምፒውተር መጣለት። ከተማው በወሬ ተናጠ። ግማሹ ቴሌቪዥን ነው አለ፣ ግማሹ ጽሕፈት መኪና ነው አለ፤ የእኔ አክስት ደግሞ «የሰው ስም ዝርዝር የሚይዝ ነው፣ አትጠጊው» አለችኝ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኢንጂነር ታምራት ወጣትና ቅን ሰው ናቸው። መምህርት ከድጃ ሄደው ሲያናግሯቸው፣ ጠዋት ጠዋት መሐንዲሶቹ እንዲሠሩበት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጄኔሬተሩ እስኪጠፋ የእኛ ክፍል እንዲማርበት ተስማሙ። ወንዶቹ ለብሔራዊ ውትድርና እየተጠሩ ስለሄዱ ክፍላችን ውስጥ የምንበዛው ሴቶች ነበርን።

ስምምነቱ ግን አንድ ቋጠሮ ነበረበት። ከማሽኑ ጋር የሒሳብ ማስያ ፕሮግራም የያዙ ሁለት ዓይነት ዲስኬቶች መጥተዋል። ዋናው መሥሪያ ቤት ወደፊት መመሪያና እገዛ የሚልከው ለአንዱ ብቻ በመሆኑ፣ ኮሚቴ ተቋቁሞ ለመሐንዲሱም ለተማሪውም የሚሆነውን እንዲመርጥ ተባለ። ኢንጂነር ታምራት «የምንመርጠውን ተማሪ የሚችለው ከሆነ ከሰዓት በኋላው የእናንተ ነው። የማይችለው ከሆነ ግን ማሽኑን ለመጫወቻ አልሰጥም፤ ብልሽት ቢደርስ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አሉ። መምህርት ከድጃ የኮሚቴው አባል ሆኑ፤ እኔ ደግሞ የተማሪዎች ተወካይ ሆኜ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

ሁለቱን ፕሮግራሞች ለመፈተን ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ እግራችንን በሲሚንቶው እያቀዘቀዝን እንገባ ነበር። መምህርት ከድጃ «መጀመሪያ እናስቸግራቸው» አሉ። አንደኛው ፕሮግራም የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። በቁጥር ፋንታ ፊደል ብንሰጠው እንኳ እንደ ዜሮ ቆጥሮ መልስ ያወጣል። «ታዛዡ» አልነው። ሁለተኛው ትንሽ ነገር ባልጣመው ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆምና ረጅም እንግሊዝኛ ይዘረግፋል፤ ያን ሳንመልስለት ወደፊት አይሄድም። እሱን «ነገረኛው» አልነው። ፋጡማ በነገረኛው ተናዳ «አቦ፣ ይሄ እንደ ባለጋራ ነው የሚያፋጥጠኝ!» ስትል ሁላችንም ተስማማን። እንግሊዝኛችን ያው ታውቁታላችሁ።

መምህርት ከድጃ ታዛዡን መረጡ። ለኮሚቴውም «ተማሪ የሚችለው ይህ ነው» ብለው አሳወቁ፤ ኢንጂነሩም ፈጣን ነው ብለው ወደዱት። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። እኛም ከሰዓት በኋላው የእኛ ሆነ ብለን በጄኔሬተሩ ድምፅ ጨፈርን።

ከዚያ አባ ሰይድ መጡ። አባ ሰይድ በሆርማት ወንዝ በኩል ያሉት ገበሬዎች የውሃ አባት ናቸው፤ ከደጋው የሚወርደውን ደራሽ ጎርፍ አስጠልፈው ወደ ማሳ የሚያከፋፍሉ ሰው። ጎርፍ በመጣ ቁጥር የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት ለጽሕፈት ቤቱ ይነግራሉ። መሐንዲሶቹ የቦዩን ስፋት የሚወስኑት ከዚያ ተነሥተው ነው፤ ቦዩ በሰፋ መጠን ደግሞ ከሰው ማሳ ላይ ይቆረሳል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መሐንዲሶቹ መስክ ስለነበሩ ተቀብለን ማሽኑ ውስጥ ያስገባነው እኛ ነን።

«ማታውን በአሥራ አንድ ሰዓት መጣ፣ በሁለት ሰዓት አለቀ» አሉ አባ ሰይድ።

ፋጡማ ለታዛዡ አሥራ አንድና ሁለትን ሰጠችው። ታዛዡ ወዲያው መለሰ። እሷም ጮክ ብላ «አሥራ አምስት ሰዓት ፈሷል» ብላ አነበበች፤ ሁላችንም ቀና ብለን ወደ ቀጣዩ ልናልፍ ነበር።

አባ ሰይድ ሳቁ። በትራቸውን ተደግፈው ሳቁ፣ ቁጭ ብለው ሳቁ። «አሥራ አምስት ሰዓት? ወላሂ ሆርማት አሥራ አምስት ሰዓት ከመጣማ ቆቦን አፋር ሄደን ነው የምንፈልጋት!»

እኛም ሳቅን። መምህርት ከድጃም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና ድንገት ሳቃቸውን ገትተው ወደ ማሽኑ ዞሩ። ለካ ታዛዡን የሠሩት ሰዎች ቀኑን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው እስከ ሃያ አራት ነው። ለእሱ አሥራ አንድ ማለት ረፋድ ነው፤ ሁለት ማለት ደግሞ ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ያለው የነገ ሁለት ነው። የእኛን ማታ ማን ነግሮት! ሦስቱን ሰዓት አሥራ አምስት አድርጎት ሲያበቃ ፊቱ ላይ ምንም አላሳየም።

«ማን ገምቶ ነበር?» አሉ መምህርት ከድጃ።

«አልገመትንም» አለች ፋጡማ።

«እኔም አልገመትኩም» አሉ። «ማሽን ፊት ስቀመጥ የማስተምረውን ረሳሁት።» ከዚያ ነገረኛውን አስገቡና ያንኑ አሥራ አንድና ሁለት ሰጡት። ነገረኛው ቆመ፤ እንግሊዝኛውን ዘረገፈ፤ መልስ አልሰጠም። እሳቸው የማሽኑ መስታወት ላይ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አነበቡት። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም፤ ጭንቀት ነው። ምን እንደተጨነቁ ወዲያው ገባኝ። ነገረኛውን ካሉ እኛ ልንባረር ነው።

በኮሚቴው ስብሰባ ቀን ከአውራጃው የመጡ አንድ ጓድ በጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ነበር። ፊርማው ሲጠየቅ መምህርት ከድጃ ብዕሩን አላነሡም።

«ነገረኛው ቢሆን ይሻላል» አሉ።

ኢንጂነር ታምራት ደነገጡ። «ታዛዡን የመረጡት እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

ጓዱ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «መምህርት፣ ኮሚቴ የተስማማበትን ነገር መቀልበስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ ጓድ። ሳይቀለበስ ቢቀር የሚሆነውንም አውቃለሁ» ብለው የአባ ሰይድን ጎርፍ ተረኩላቸው። ኢንጂነሩ ሰምተው ፈገግ አሉና፣ «ይሄማ ቀላል ነው። ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ ቀይረን እናስገባለን። እኛ እናርመዋለን» አሉ።

«እርስዎ ያርሙታል፤ እተማመናለሁ። ነገ የሚተካዎትስ? እነዚህ ልጆችስ? ስህተቱን ያገኘነው አባ ሰይድ ስለሳቁ ነው፤ ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው አጠገብ አይቀመጥም።»

ኢንጂነሩ በሐዘን ድምፅ «እሺ፣ ልክ ነዎት። ግን ተማሪዎቹ እንደማይችሉት እርስዎው ነግረውኛል። ቃሌን ያውቁታል» አሉ።

«እስከ ረመዳን መግቢያ ጊዜ ይስጡኝ። ካልቻሉ ቁልፉን ራሴ አመጣልዎታለሁ።»

ጓዱ ሰዓታቸውን አይተው፣ ምሳ ደርሶም ይሁን ጉዳዩ አሰልችቷቸው «ይሁን» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ተቆጥቼ ነበር። «ዝም ቢሉስ ኖሮ? ከሰዓት በኋላችንን እኮ ሊወስዱብን ነው!» አልኳቸው። እንዲህ ያለ አነጋገር ለመምህር አይገባም፤ እሳቸው ግን አልተቆጡኝም።

«ሊወስዱት ይችላሉ» አሉ። ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ «አሥራ አምስት ሲሉሽ አሥራ አምስት ብለሽ የምትወጪበት ከሰዓት በኋላ ምን ያደርግልሻል ልጄ? እሱንማ ቤትሽ ተቀምጠሽ ትችዪዋለሽ» አሉ። ከዚያ ቆም ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ፈርቼ ነበር እኮ። አላየሽም?» አላየሁም ነበር።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ነገረኛው የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መልሰን በማኒላ ወረቀት ግድግዳ ላይ ልንለጥፍ ተነሣን። እንግሊዝኛውን እሳቸው ያብራሩልናል፤ አማርኛውን እኛ እንጽፋለን። የጎርፉ ጥያቄ ለእኔ ደረሰኝ። አሳምሬ ጻፍኩት፦ «የማጠናቀቂያው ጊዜ ከመነሻው ጊዜ ቀድሞ በመገኘቱ የስሌቱን ተግባር ማከናወን አልተቻለም።» ኮርቼ ሰጠኋቸው።

አንብበው ሲያበቁ «ይሄ የቀበሌ ማስታወቂያ ነው» አሉ። «ማሽኑ ምን አለሽ? እንደ ሰው ንገሪኝ።»

አፈርኩ። ከዚያ ሳላስበው «አለቀ የምትዪኝ ገና ሳይጀምር ነው፤ የየትኛው ቀን ነው? ነው የሚለው» አልኳቸው።

«አብሽሪ! ይኸው! እሱን ጻፊው!» ብለው አጨበጨቡ። እኔም ጻፍኩት። ፋጡማ አነበበችውና «እህ! ይሄን ነው እንዴ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲለኝ የነበረው?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለነገረኛው በቁጣ ሳይሆን በወሬ ትመልስለት ጀመር። እኔ ደግሞ አንድ ሰው እኔ የጻፍኩትን አንብቦ ፊቱ ሲበራ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ያን ማየት ምን እንደሚመስል ልጽፈው ሞክሬ አልቻልኩም፤ ገና እሞክራለሁ።

ረመዳን ሊገባ ሲል ኢንጂነር ታምራት ሊፈትኑን መጡ። ፋጡማን አስቀምጠው የጎሊናን ወንዝ ጎርፍ ሰዓት በቃል ሰጧት። እሷም አስገባች። ነገረኛው ቆመ። መምህርት ከድጃ በር ላይ ሆነው ጣታቸውን ሲያፍተለትሉ ነበር። ፋጡማ ግድግዳውን ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ዞረች።

«ኢንጂነር፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። አሥር ሰዓት ያሉኝ የቀኑን ነው የሌሊቱን?»

ኢንጂነሩ መሳቅ ጀመሩ። «ሆን ብዬ ነው ያልነገርኩሽ» አሉ። ሆን ብለው ይሁን ረስተው እስከ ዛሬ ክፍላችን አልተስማማም። ፋጡማ መልሱን ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይራ ስታስገባ ነገረኛው ያለ አንዳች ክርክር ውጤቱን አወጣ። እሷም ውጤቱን ከማንበቧ በፊት የገመተችውን ተናግራ ስለነበር ኢንጂነሩ ሁለቱን አመዛዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከሰዓት በኋላው የእናንተ ነው» ብለው ወጡ። ስለዚህ ማንም ማንንም አላሸነፈም።

ሕመሙ የጀመራቸው ያኔ ይሁን ቀደም ብሎ አላውቅም። ዘንድሮ መጀመሪያ ላይ ሰሌዳው ፊት ወንበር ማስቀመጥ ጀመሩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ሆነው ማስተማር ጀመሩ። ወደ ደሴ ከመሄዳቸው በፊት ልንጠይቃቸው ስንሄድ አልጋቸው ላይ ተደግፈው «ምን እየሠራችሁ ነው?» ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው። ፋጡማ አለቀሰች። እሳቸው «እኔ ብሄድ ጥያቄው አይሄድም፤ ጥያቄውን ያዢው» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንቺ ደግሞ ስትጽፊ አታጋንኚ፤ ጠመኔ የምትረሳ ሴት ነበረች በዪ» አሉኝ። እነሆ ብያለሁ።

አሁን ለእርስዎ ልናገር፣ ቲቸር።

በዚህ ሳምንት ለጽሕፈት ቤቱ አዲስ ዲስኬት መጥቷል። ከነገረኛው የፈጠነና ሥዕል መሣል የሚችል ነው ይባላል፤ ይተካው አይተካው ሊወሰን ነው። ኮሚቴው ላይ የእርስዎ ወንበር ባዶ ነው። ኢንጂነር ታምራት ከቀብርዎ ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠብቀውን «ማን ይፈትነው?» ብለው ጠየቁን። ሌላ መምህር የሚጠሩ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እኛን ነበር የጠየቁት። ፋጡማ «እኛ» አለች፣ ከእኔ ቀድማ። ፈርቻለሁ ቲቸር። የሚያምር ፕሮግራም ነው፤ ልንወደው እንችላለን፤ ወደነው ሳንጠይቀው ልናልፍ እንችላለን። ከወደድነው በኋላ ስህተት ካገኘንበት ግን ከአውራጃው ጓድ ቢመጣም ባይመጣም እንናገራለን፤ እንደ እርስዎ ብንፈራም።

አላህ ማረፊያዎን ያስፋው፣ ያብራልዎ። ደህና ይሁኑ መምህርቴ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ እንጀምራለን።